ሳይባል የተላከ አፉታ

በሕይወቴ ብዙ ጽፌያለሁ። የፈተና ጥያቄ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ለጓደኞቼ የሠርግ ጥሪ፣ ሁለት ጊዜ "አስተካክል" ተብሎ የተመለሰብኝ የማስተርስ ጥናት። ከዚህ ሁሉ መሀል በሰው ሕይወት ላይ አንዳች ነገር ያደረገው ግን ስልኬ ላይ የጻፍኩት አንድ አጭር መልእክት ብቻ ነው። አራት ቃል ነው፦ "እናትሽ አፉ ብለውሻል፤ አብሽሪ።"

ውሸት ነበር። ይህን የማጫውታችሁ እንድትፈርዱብኝ አይደለም። ፍርዱን የሚሰጡኝ ሴት እዚሁ ግቢ ውስጥ አሉ፤ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ሲፈትሉ በመስኮቴ አያቸዋለሁ።

መካነ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። የሞጣ ልጅ ነኝ፣ ከአባይ ማዶ፤ እዚህ ዳዊት ብሎ ስሜን የሚጠራው ግማሹ ሰው ሲሆን ሌላው "ጎጃሜው" ይለኛል። ተመድቤ እንደመጣሁ የተከራየሁት ክፍል የእትዬ ዘይነባን ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሀያት ናት። ሀያት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለማንም ሳትናገር አረብ አገር ሄዳ፣ አራት ዓመት ሠርታ፣ አንድ ሻንጣና የማይለቅ የወገብ ሕመም ይዛ የተመለሰች ልጅ ናት። እኔ ያወቅኳት ከተመለሰች በኋላ ነው።

ያኔ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነበር፤ ርእሱ በአማርኛ ፊልሞች ምልልስ ውስጥ የሚታዩ ንግግራዊ ድርጊቶች። ነገሩ ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ሰው ሲናገር ወሬ ብቻ አያወራም፣ አንድ ነገር ያደርጋል። "በሩን ዝጋ" ያለ አዘዘ። "ነገ እመጣለሁ" ያለ ቃል ገባ። ሽማግሌ ተነስቶ "ታርቃችኋል" ሲል በዚያች ቃል እርቁ ወረደ። የኔ ሥራ ላፕቶፔ ላይ ፊልም ከፍቼ እያንዳንዱን ንግግር በጽሑፍ ማስፈር፣ ከጀርባ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ በቅንፍ መመዝገብ፣ ከዚያ በሰንጠረዥ ውስጥ "ይህ ትእዛዝ ነው፣ ይህ ቃል መግባት ነው፣ ይህ ስሜት መግለጽ ነው" እያልኩ መክተት ነበር። ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ አንድ ሕግ ጽፌያለሁ፤ አንዳንድ ቃል የሚሠራው ሥልጣኑ ያለው ሰው ሲናገረው ብቻ ነው። ዳኛ ያልሆነ ሰው "ፈርጄብሃለሁ" ቢል ነፋስ ነው። ይህን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት።

ሀያት ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ይዛ በሬ ላይ ትቀመጥና ፊልሙን አብራኝ ታያለች። እንደ ቀልድ ነው የጀመረችው። ኋላ ግን ካለሷ መሥራት አቃተኝ። አንድ ቀን የአንድ እናትና ልጅ መለያየት ደረሰን። ልጅየው መናኸሪያ ቆሞ እናቱን ሲሰናበት እናት ፊቷን አዙራ "ሂድ! ዓይንህን አልይህ!" ትለዋለች። እኔ ጊዜ ሳላጠፋ "ትእዛዝ" ብዬ ጻፍኩ።

"ትእዛዝ?" አለች ሀያት። "አቦ ጎጃሜው፣ ማስተርሱን ማን ሰጠህ?"

"ገና አልሰጡኝም።"

"አይሰጡህምም። አትሂድ እያለችው እኮ ነው። ልመና ነው። እናት ስትከለክልና ስትቆጣ አፏን አትስማ።"

ሳቅኩባት። ግን አጥፍቼ "ልመና" ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ሆኖ ብዙ መስመር አረመችልኝ። ሰው አረብ ቤት ውስጥ ቋንቋውን ሳያውቅ ሲኖር ከቃሉ በፊት የሚደረገውን ነገር ማወቅ ይለምዳል፤ ካላወቀ ይመታል። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ከስምንት ወር በኋላ "ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ" ብላ ሄደች። የእትዬ ዘይነባ ስልክ ድምፅ መልእክት የማይቀበል ባለቁልፍ ስለሆነ ድምፅዋን የምትልከው በኔ ስልክ ነበር። ሲመጣ የማሰማቸው እኔ፣ መልሱን ቀርጬ የምልከው እኔ። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ሄደ።

አንድ አርብ፣ እትዬ ዘይነባ ከሶላት በኋላ ደጃፋቸው ላይ እንዝርታቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ የሀያት ድምፅ መጣ። እንደ ልማዴ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

"አሰላሙ አለይኩም እማ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ላሟ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራውም ጥሩ ነው፣ አብሽሪ፣ አታስቢ።" እዚህ ላይ ከጀርባዋ ነፋስ ተሰማ፤ የማያቋርጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ዱቄት እንደሚጠርግ እጅ ያለ ነፋስ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ በልቤ ቅንፍ ከፍቼ "ነፋስ" ብዬ መዘገብኩ። ኮምቦልቻ ነፋስ አታጣም አልኩና ተውኩት። "እማ፣ ያ ድመቷ ሰበረችው ያልኩሽ ቅል፣ እኔ ነበርኩ የሰበርኩት። አባቴ ታሞ ሳለ ውሃ ስጪው ስትይኝ አኩርፌ የተኛሁትንም። ደግሞ ያን ጊዜ ሳልነግርሽ የሄድኩትን። ለሁሉም አፉ በይኝ። ባፍሽ በይኝ እማ፤ እጠብቃለሁ።"

አፉ በሉኝ ማለት ለወሎ ሰው ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ይለዋል። እኔም ከሦስት ዓመት ወዲህ ገበያ ውስጥ ሰው ስረግጥ "አፉ በለኝ" የምል ሆኛለሁ። ስለዚህ ቃሉን የማውቀው መሰለኝ።

የእትዬ ዘይነባ እንዝርት ቆሟል። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። "ድገመው።" ሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ፈትሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ዳዊቴ፣ አንተ ሰው ሲናገር ምን እንደሚያደርግ ነው የማጠናው ትል የለም? ይቺ ልጅ አሁን ምን እያደረገች ነው?"

ኩራት እንደተሰማኝ አልዋሽም። በሕይወቴ ስለ ጥናቴ እንዲህ በትክክል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አማካሪዬም ጭምር።

"ይቅርታ እየጠየቀች ነው እትዬ። ናፍቆት ነው፣ ልቧ ባብቶ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን የልጅነቱ ነገር ይመጣበታል። እኛ ስሜት መግለጽ እንለዋለን።"

"ስሜት መግለጽ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሡ። "አላልኩም በላት።"

"ምነው እትዬ?"

"አላልኩም በላት! መጥታ ዓይኔን እያየች ትጠይቀኝ፣ ያኔ እላታለሁ።" ድምፃቸው እንዲያ ሲከር ሰምቼ አላውቅም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ክፍሌ ገብቼ ተናደድኩ። ለአንድ ቅል! ለአንድ የልጅነት ኩርፊያ! ሰው አገር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የምትውል ልጅ አንዲት ቃል ብትለምን ይህን ያህል መክበድ ምንድን ነው አልኩ። የእናቶች ግትርነት መሰለኝ። "እናት ስትከለክልና ስትቆጣ አፏን አትስማ" የተባልኩትን ነገር የዚያን ዕለት አላስታወስኩትም፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰ ነው፣ አስታውሼው በገዛ መንገዴ ተረጎምኩት። አፋቸው አላልኩም ቢልም ልባቸው ብሏል አልኩ። ስለዚህ ጻፍኩላት። እናትሽ አፉ ብለውሻል፤ አብሽሪ።

መልሷ ወዲያው መጣ። በጽሑፍ ነው። "ወላሂ? ራሷ አለች?"

"ራሳቸው ናቸው ያሉት።"

"ድምፅዋን ላክልኝ።"

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እውነቱን ለመናገር የቀረኝ የመጨረሻ በር ያ ነበር። እኔ ግን ውሸት ከተጀመረ መሀል ላይ መተው የሚያሳፍረው ዓይነት ሰው ነኝ። "አሁን ገበያ ወጥተዋል" ብዬ ጻፍኩ። በመስኮቴ ሳይ እትዬ ዘይነባ ጓሮ ለላሟ ድርቆሽ እየሰጡ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ላከችልኝ። አጭር ነው። ነፋሱ አሁንም አለ። "አልሐምዱሊላህ። በል እንግዲህ ዳዊቴ። እማን አደራ።"

ደስ አለኝ። ሁለት ሰው ያስታረቅሁ መሰለኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ካቆምኩበት መስመር ቀጠልኩ።

ማታውን እትዬ ዘይነባ "ነገርካት?" አሉኝ። "ነገርኳት" አልኩ። "ምን አለች?" "እሺ አለች።" በማግስቱም ጠየቁኝ፣ በሦስተኛውም ቀን። እንዲያው አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር፤ ሴትየዋ ከዕለት ዕለት ፊታቸው እየበራ ሄደ። በእሑዱ ገበያ ውለው ሲመለሱ፣ የገዙትን የበግ ፀጉር እያሳዩኝ፣ "ይሄ ለሀያት ባና ነው፤ ስታገባ የምትለብሰው" አሉኝ።

"አኩርፈውባት አልነበር?" አልኳቸው እንደ ቀልድ።

"እኔ? በሷ?" ሳቁ። "አየህ ዳዊቴ፣ አንተ ከማዶ ስለመጣህ አታውቀውም። የኛ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ሐጅ ሲሄድ፣ አረብ አገር ሲሄድ፣ ሞት አልጋ ላይ ሲሆን ነው እንዲያ እየለቀመ ከቅል ጀምሮ አፉ በሉኝ የሚል። አፉ ሳይባል የወጣ ሰው መንገዱ አይመልሰውም ይባላል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳልላት ሄዳ ያየችውን አየች። ስትመለስ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ቃል ገባችልኝ፤ ሁለተኛ እኔ በአፌ አፉ ሳልላት የአረብ አገር መንገድ አትጀምርም። ያን ዕለት ባፍሽ በይኝ ስትል ሰምተሃታል? ልትሄድ አስባ ነው። እኔ እንደሁ አላልኩም። ታዲያ የት ትሄዳለች?"

"ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

"ክፉ ነገር ስሙን ከጠሩት ይመጣላ!" አሉኝ እየሳቁ። "ደግሞ አንተ መርማሪው አይደለህ? ታውቀዋለህ ብዬ ነዋ።"

ክፍሌ ገብቼ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ያን ሰኞ ክፍል ውስጥ ስለ ስም ሐረግ እያስተማርኩ በየአምስት ደቂቃው ስልኬን ሳይ ተማሪዎቼ ተያዩ። ለእትዬ ዘይነባ ግን አልነገርኳቸውም። ነገ ትደውል ይሆናል አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለ። ሴት ናት፤ ድምፅዋ የደከመ ነው።

"መምህር ዳዊት ነዎት? ፋጡማ እባላለሁ፣ የወግዲ ልጅ ነኝ። ከሀያት ጋር ባሕሩ ድረስ አብረን ነበርን። እኔ አተኩሶኝ ቀረሁ። ቁጥርዎን እሷ ናት የሰጠችኝ።"

"የትኛው ባሕር?" አልኩ፤ ምንም የማላውቅ ይመስል።

"ጅቡቲ ነዋ። ወደ የመን የሚሻገሩበት። ኮምቦልቻ አንድ ወርም አልቆየች። ወላሂ መምህር፣ ሁለት ጀልባ አሳልፋለች። ደላላው ጮኸባት፣ ሰደባት፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለች። እናቴ በአፏ አፉ ሳትለኝ አልሳፈርም አለች። እኛም ስቀንባት ነበር። ካላለችኝ እመለሳለሁ፣ ቃሌ ነው አለች። ከዚያ የእርስዎ መልእክት መጣ። አለቀሰች፣ ደስ ብሏት። በሦስተኛው ሄደች።"

"ደረሱ?"

ነፋሱን ሰማሁት፤ ያው ነፋስ ነው። "ከነሱ በኋላ የተነሡት ደርሰው ደውለዋል" አለችኝ። "ከሷ ጀልባ የደወለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።"

ከትምህርት ቤት እቤት ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። እትዬ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መልእክቱን፣ "ራሳቸው ናቸው" ያልኩትን፣ ገበያ ወጥተዋል ያልኩትን፣ ፋጡማን። ሲጮሁ፣ ፊታቸውን ሲነጩ፣ እኔን በእንዝርቱ ሲወጉ ጠብቄ ነበር። አልጮሁም።

"ስንት ሰዓት ነበር?" አሉኝ።

"ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

"ጓሮ።"

ተነሡና ከኔ በር ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። በእግራቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተመለሱ። "ሃያ እርምጃ አይሞላም" አሉ። ይህን ብቻ ነው ያሉት።

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው በሬን አንኳኩ። "ያን ስልክህን ክፈተው። ድምፅ የሚይዘውን ተጫነው።" ተጫንኩ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሕፃን እንደሚያዝ።

"ልጄ፣ ዘይነባ ነኝ። አፉ ብዬሻለሁ። የቅሉንም፣ የውሃውንም፣ የመጀመሪያውንም መንገድ፣ የአሁኑንም። ከፊትሽም ከኋላሽም አፉ ብያለሁ። ራሴ ነኝ ያልኩት። አንቺም አፉ በይኝ፤ ከስልኩ ሃያ እርምጃ ላይ ሆኜ ሳልሰማሽ ቀርቻለሁ።"

ላክሁት። አንድ ራይት መጣ፤ መሄዱን ያሳያል። መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው ራይት አልመጣም። ይህን ስጽፍላችሁ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ አሁንም አንድ ነው። እትዬ ዘይነባ ማንበብ አይችሉም፣ ራይት መቁጠር ግን ተምረዋል። በየጠዋቱ ከመፍተላቸው በፊት "አሳየኝ" ይሉኛል፣ አሳያቸዋለሁ፣ እንዝርታቸውን ያነሣሉ። ደርሳ ስልኳን ቀምተዋት ይሆናል የሚሉን አሉ፤ እንዲህ ሆኖ ከሁለት ዓመት በኋላ የደወለች የወረኢሉ ልጅ አለች ይሉናል። እናምናቸዋለን፤ ምን እናድርግ።

ጥናቴን ጨረስኩ። ፈታኞቹ አንድ መስመር ላይ ያዙኝ፤ "ሂድ፣ ዓይንህን አልይህ የሚለው እንዴት ልመና ሊሆን ይችላል? ግልጽ ትእዛዝ ነው" አሉ። አላስረዳኋቸውም። ነጥብ ቀነሱብኝ። አላረምኩትም፤ ያች መስመር የሀያት ናት።

አንባቢዎቼ፣ ምክር ለመስጠት መብት ያለኝ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ሰው "አላልኩም በላት" ብሎ ከላካችሁ፣ እባካችሁ፣ አላልኩም ብላችሁ አድርሱ። ጭካኔ ቢመስላችሁም አድርሱ። ቃሉ የናንተ አይደለም። ያ "አላልኩም" አንዲት ልጅ ባሕር እንዳትገባ ይዟት የነበረ ገመድ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግትርነት መስሎኝ በአራት ቃል በጠስኩት። አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የሚሰማኝ ያ ነፋስ ነው። ቅንፍ ውስጥ አልገባም አለኝ።

እኔም በተራዬ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አፉ በሉኝ ብያቸዋለሁ። በረመዳን ጠየቅሁ፣ በፋሲካ ጠየቅሁ። "ቆይ" ይሉኛል። ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ሲያመኝ ያስታምሙኛል፣ ልብሴ ከተሰጣበት ዝናብ ሲመጣ ያነሡልኛል። አፉ ግን አላሉኝም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሞጣ የጠየቅሁት ዝውውር ተፈቀደልኝ። እናቴ በስልክ እልል አለች። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ መጽሐፎቼን በካርቶን አሰርኩ፣ ጠዋት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እትዬ ዘይነባ ፊት ቆምኩ። የሀያት ባና ተሠርቶ አልቆ ከኋላቸው ተጣጥፎ ይታያል።

"እትዬ፣ ልሄድ ነው። አፉ ይበሉኝ።"

እንዝርቱን አላቆሙም። "አፉ ብልህ ትሄዳለህ?"

"አዎ፣ እሄዳለሁ።"

"ካላልኩህስ?"

ፈትሉን ሳብ አድርገው ጠቀለሉትና ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቅጣት ይሁን ልመና ለይቼ ማንበብ አልቻልኩም። የምትነግረኝ ልጅ በርጩማዋን ይዛ በሬ ላይ የለችም።

"እንግዲያው አላልኩም" አሉኝ።

ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩና አልጋው ሥር ከተትኩት።